ቀይ ቀበሮንና የእረኛውን ውሻ ስለሚያገናኘው በሽታ

አራዊትን መጠበቅ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው አዳኙን ከጠመንጃው መከልከልን ነው። ይህ አሳብ ለዝሆንና ለአውራሪስ እውነት ነው፤ ጥርሱና ቀንዱ በገንዘብ የሚሸጥ አውሬ ጠላቱ ነጋዴና ጥይት ነውና። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ለሚኖረው ለቀይ ቀበሮ ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። ቆዳው ገበያ የለውም፤ ሥጋው አይበላም፤ በሕግም የተጠበቀ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በዓለም ላይ ያሉት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ተደምረው ከ500 አይሞሉም። ከአንድ ሸለቆ ውስጥም ከአራቱ ሦስቱ ያህል በጥቂት ወራት ሲያልቁ ታይቶአል። የፈጃቸውም እረኛውን ተከትሎ የመጣ ውሻ ያደረሰባቸው በሽታ ነው። ይህ የታወቀው በግምት ሳይሆን በመቍጠር፥ ሬሳ በመመርመርና በመሞከር ስለ ሆነ፥ እንዴት እንደ ታወቀና ምን እንደ ተደረገ ለገበሬውም ለሹሙም መግለጽ ተገቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቀይ ቀበሮ ጠጕሩ ቀይ፥ ጕሮሮውና ደረቱ ነጭ፥ የጅራቱ ጫፍ ጥቍር፥ እግሩ ረጅም፥ አፉ ቀጭንና ሹል የሆነ አውሬ ነው። ወንዱ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሴቲቱ ከዚህ ታንሳለች። በባሌ የሚኖሩ ኦሮሞዎች «ጄዳላ ፈርዳ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ለመውለድ የተቃረበችውን ባዝራ ወይም ላም እየተከተለ እንግዴ ልጁን ስለሚበላ ይህን ስም አገኘ ይባላል። አውሮፓውያን ከስሜን ተራሮች ስለ ወሰዱት ዕውቀት ለብዙ ዘመን «የስሜን ቀበሮ» ሲሉት ቆዩ። በ1994 የታተመ የዘር ምርመራ ግን ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለሰሜኑ ዓለም ተኵላ የቀረበ ዘመድ መሆኑን ስላሳየ፥ ዛሬ በውጭ አገር የሚታወቀው «የኢትዮጵያ ተኵላ» በሚለው ስም ነው። አማርኛ ተናጋሪው ከጥንት ጀምሮ ቀይ ቀበሮ ብሎታልና በዚህም ጽሑፍ ስሙ እንዲሁ ይጠራል።

የአውሬው ምግብ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ በባሌ ተራሮች ከ1988 ጀምሮ የሠሩት ተመራማሪዎች ክላውድዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ዳዳ ጎቴሊ የመረጡት መንገድ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። 689 የቀበሮ ኵስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን አጥንትና ጠጕር እየለዩ መዘገቡ። ከተገኘው ሁሉ ከመቶው 95 የሚበልጠው አይጥና ፍልፈል ሆነ። ከሁሉ በላይ የሚወደድለት በባሌ ብቻ የሚገኘውና አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ የሚችለው ትልቁ ፍልፈል ነው። ስለዚህ «በግ ጨራሽ» የሚለው ክስ በባሌ በኩል ማስረጃ የለውም። በሰሜኑ ክፍል አልፎ አልፎ ግልገል መውሰዱ አይካድም፤ ነገር ግን ጅብና ተራ ቀበሮ ከሚያደርሱት ጥፋት ጋራ አይወዳደርም። አይጥ የገብስን እሸት የሚበላ መሆኑን ለሚያውቅ ገበሬ ይህ ቍጥር ከማናቸውም ምክር የበለጠ ይናገራል።

አውሬው የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ብርዳማ አምባ ላይ ነው። ይህ አገር እንደ ደሴት የተበታተነ ነው። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ የባሌና የአርሲ ተራሮች፥ በስተ ምዕራብም ስሜን፥ በላስታ በኩል አቡነ ዮሴፍ፥ በወሎ ቦረና ሳይንትና ደላንታ፥ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ቈላና ወይና ደጋ ታርሶ ሰው የሰፈረበት ስለ ሆነ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው የሚሻገር ቀበሮ የለም ማለት ይቻላል። እርሻውም ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው የኢትዮጵያ ምድር ከመቶው 60 ያህሉ ወደ እርሻነት መለወጡ ተቈጥሮአል። ከጎጃም ጮቄ ተራራ ቀበሮው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው፤ በቅርብ ጊዜም በጎንደር በኩል ካለው ከጉና ተራራ ጠፋ። ከቀሩት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና በአካባቢው የሚኖሩ ናቸው። እንግዲህ ባሌ ቢታመም የአውሬው ዘር ሁሉ ታመመ ማለት ነው።

ባሌ የአራዊት አገር ብቻ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የፓርኩ ራስ ነው፤ ከነዚህ ተራሮች የሚነሡ ወንዞች በኢትዮጵያና በሶማሊያ ለ12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ውሃ ይሰጣሉ። በፓርኩ ውስጥና በዙሪያው በሺህ የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦች ከብት ያረባሉ። በደረቁ ወራት ከታችኛው አገር ከብቱን እየነዱ ወደ ሣሩና ወደ ጨዋማው ምንጭ፥ ወደ ሆራው፥ መውጣት የቈየ ልማድ ነው። ከከብቱ ጋራ ውሻው ይወጣል።

የባሌ ውሻ በግ የሚነዳ ውሻ አይደለም። ሥራው በሌሊት ጅብ ወይም ነብር ወደ በረቱ ሲጠጋ መጮኽ ነው፤ ሲነጋ ነጻ ነው። ብዙ ምግብ የሚሰጠው ስለሌለ ጥንብና አይጥ ለመፈለግ ሜዳውን ይዞራል፤ በዚያም ከቀበሮው ጋራ ይገናኛል። አንዳንድ ጊዜ ይጣላሉ፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ጥንብ ይካፈላሉ። በዌብ ሸለቆም ወንድ ውሻ ከሴት ቀበሮ ጋራ ተዳቅሎ መገኘቱ በዘር ምርመራ ተረጋግጦአል። ከሁሉ የከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

የዚህ በሽታ ተሐዋሲ በምራቅ ውስጥ ሆኖ በንክሻ ይተላለፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽተኛው ሰውም ሆነ እንስሳ አይድንም ማለት ይቻላል። በቀበሮው ዘንድ በፍጥነት የሚዛመተው በአኗኗሩ ምክንያት ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ብቻውን ይሄዳል፤ ነገር ግን በቤተ ሰብ ተከፍሎ የሚኖር አውሬ ስለ ሆነ ጧትና ማታ እየተሰበሰበ ድንበሩን ይዞራል፤ ሲገናኝም አፍ ለአፍ እየተላላሰ ሰላምታ ይለዋወጣል። ከየቤተ ሰቡ በዓመት የምትወልደው አንዲቱ የበላይ ሴት ብቻ ስትሆን ሌሎቹ ልጆቿን በማሳደግ ይረዳሉ። በድንበር ላይም ከጎረቤት ጋራ ይጋጫሉ። ይህ ሁሉ ለበሽታው መንገድ ነው። አንዱ ከተለከፈ ቤተ ሰቡ፥ ቤተ ሰቡ ከተለከፈ ጎረቤቱ ይከተላል።

በ1991 እና በ1992 በባሌ ብዙ ቀበሮ ሲያልቅ ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ታወቀ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን ቤተ ሰብ አስቀድመው ቈጥረውና ለይተው መዝግበው ስለ ነበረ ነው። ያልተቈጠረ አውሬ ቢጠፋ ተሰደደ ይባል ነበር። በ1995 የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተቋቋመ፤ ቀጥሎም በአካባቢው ያሉትን ውሾች በየዓመቱ መከተብ ተጀመረ። አሳቡ ቀላልና ትክክል ነበር፤ በሽታው የሚመጣው ከውሻ ከሆነ ውሻውን መከተብ በቂ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። በሺህ የሚቈጠሩ ውሾችም ተከተቡ።

በ1996 የተጀመረው ይህ ሥራ ሳይቋረጥ እያለ በ2003 መገባደጃ ላይ በዌብ ሸለቆ ሬሳ መገኘት ጀመረ። የአንጎል ናሙና ተወስዶ ሲመረመር በሽታው ያው ሆነ። ምክንያቱን ማወቅ አስቸጋሪ አልነበረም። ቡችላ በየዓመቱ ይወለዳል፤ አሮጌው ይሞታል፤ በየወቅቱም ከታችኛው አገር ከከብቱ ጋራ ያልተከተበ ውሻ ይመጣል። የአገሩ ውሻ ሁሉ ቢከተብ እንኳ አንድ እንግዳ ውሻ በቂ ነው። ከሸለቆው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ።

በዚያን ጊዜ በባለሥልጣኖችና በዐዋቂዎች ፊት የቀረበው ጥያቄ ከባድ ነበር። በጣም ጥቂት የቀረውን አውሬ በወጥመድ መያዝና መርፌ መውጋት ራሱ አደጋ አለው ብለው የሚፈሩ ነበሩ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሌላ በኩል ሸለቆው ከሌሎቹ የባሌ አምባዎች፥ ከሳነቴና ከሞረባዋ፥ ጋራ የሚገናኘው ቀበሮ በሚያልፍባቸው ጠባብ በሮች ነው። እነዚህ ከተዘለሉ በሽታው ወደ ዋናው አገር ይገባል። ስለዚህ ፈቃድ ተሰጥቶ በበሮቹ አጠገብ የሚኖሩት ቤተ ሰቦች ብቻ እየተያዙ ተከተቡ። ገበሬ እሳት ወደ አዝመራው እንዳያልፍ ከፊቱ ያለውን ሣር እንደሚያጭድ ማለት ነው፤ ሜዳውን ሁሉ ማጨድ አያስፈልገውም። በሽታውም ወደ ሌሎቹ አምባዎች ሳይዛመት በሸለቆው ውስጥ ተገታ።

ይህ ዕድል ነው ወይስ ክትባቱ የሠራው ሥራ? ይህን ለመለየት የሒሳብ ዐዋቂዎች የሸለቆውን የሞት መዝገብ፥ የየቤተ ሰቡን ቦታና የመገናኛውን መንገድ ይዘው አሰሉ። በ2006 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ጽሑፋቸው ጥቂት ቀበሮዎችን በተገቢው ቦታ መከተብ ወረርሽኙን ሊገታ እንደሚችል አስረዳ። ከዚያ ቀደም ሲል በ2002 የታተመ ስሌትም ከመቶ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ቀበሮዎች ቢከተቡ ዘሩን ወደ መጥፋት የሚያደርሱት ታላላቅ ወረርሽኞች ሊወገዱ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በውሾች መካከል በሽታውን ለማቆም ከመቶው 70 ያህል መከተብ አለበት፤ ለቀበሮው ግን ዓላማው ሞትን ሁሉ መከልከል ሳይሆን ዘሩ እንዳይጠፋ ማድረግ ስለ ሆነ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ገንዘብና ሰው ለሚያጥረው መሥሪያ ቤት የዚህ ልዩነት ዋጋ ትልቅ ነው።

ይሁን እንጂ በሽታው ከተነሣ በኋላ በመርፌ መሮጥ ሁል ጊዜ ከኋላ መድረስ ነው። በ2008 እና በ2009፥ እንደ ገናም በ2014 በሽታው ተመለሰ። ስለዚህ አስቀድሞ የሚሰጥና አውሬውን መያዝ የማያስፈልገው ክትባት ተፈለገ። በአውሮፓ ተራ ቀበሮን ለመከተብ ብዙ ዘመን ያገለገለ በአፍ የሚሰጥ ክትባት አለ። መድኃኒቱ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በምግብ ይሸፈናል፤ አውሬው ሲያኝከው ከረጢቱ ይቀደድና መድኃኒቱ አፉን ያርሰዋል። ነገር ግን አይጥ የለመደ የባሌ ቀበሮ ይህን ይበላል ወይ? ከ2011 እስከ 2014 በልዩ ልዩ ምግብ ተሞከረ። የፍየል ሥጋ፥ በተለይም በሌሊት ሲጣልለት፥ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ተይዘው ደማቸው ሲመረመር መከላከያው በሰውነታቸው ውስጥ መፈጠሩ ታየ። በ2018 በባሌ በአፍ የሚሰጠው የመጀመሪያው የክትባት ዘመቻ ተጀመረ።

ከ2003ቱ ወረርሽኝ እስከዚህ ዘመቻ 15 ዓመት አለፈ። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ለምርምር የግድ የሚያስፈልግ ነበር። የቀረው ግን ደብዳቤ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚሄድበት ጊዜ ከሆነ፥ በመካከሉ ሁለት ወረርሽኝ መግባቱን ማስታወስ ይበቃል።

እብድ ውሻ ብቻውን አይደለም። ዲስተምፐር የተባለ ሌላ የውሻ በሽታ አለ፤ ሳንባንና አንጎልን የሚያጠቃ ነው፤ ይልቁንም ግልገሎቹን ይፈጃል። በባሌ የታየው አመጣጡ የሚያስደነግጥ ነው። ከ2003ቱ የእብድ ውሻ በሽታ በኋላ በ2005 እና በ2006 ዲስተምፐር ተከተለ፤ ከ2008 እና 2009 በኋላ በ2010፤ ከ2014 በኋላ በ2015። ቀይ ቀበሮ ከአንድ ምት በኋላ ጥቂት ዓመት ካገኘ ቤተ ሰቡን መልሶ ማብዛት እንደሚችል ቈጠራው አሳይቶአል፤ ሁለተኛው ምት ከማገገሙ በፊት ሲያርፍበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ባሌ ሰፊ በመሆኑ እስካሁን ችሎአል። ጥቂት ዐሥር ቀበሮዎች ብቻ ያሉባቸው የሰሜኑ ተራሮች እንዲህ ያለውን ሁለት ተከታታይ ዓመት መቻላቸው የሚያጠራጥር ነው።

በሽታን መከላከል ምድሩ ከታረሰ ዋጋ የለውም፤ ምድሩን በመጠበቅ ረገድ ደግሞ ከውጭ የመጣ ሳይሆን የአገር ተወላጅ ምስክር አለ። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳ የተባለውን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭዱበትን አምባ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። አምባው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲበስል በተወሰነ ቀን ይከፈታል፤ ሰርቆ የገባም ይቀጣል። በ1975 በታወጀው የመሬት ሥሪት ለውጥ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በሌላ መልክ ኮሚቴ አቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ። ዶክተር ዘላለም ተፈራ አሸናፊ ይህን ሥርዓት መርምረው ጽፈዋል። ሣሩ ስለ ተጠበቀ አይጡ በዛ፤ አይጡ ስለ በዛ ቀበሮው ቀረ። የመንዝ ገበሬ ግን ሲጀምር ያሰበው ስለ ቤቱ ክዳን ነበር።

በዚያው በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ይታያል። በ2015 የታተመ ጥናት እንደ ገለጸው፥ ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ 25 ሲሳካለት፥ በዝንጀሮዎቹ መካከል ሲሆን 67 ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን እስካልነካ ድረስ አይሸሹትም። ይህ ለክትባቱ ነገር የሚጨምረው ባይኖርም፥ ያላዩት ነገር ብዙ እንደ ሆነ ለሚያምኑ አንባቢዎች መንገሩ አይከፋም።

ለከብት አርቢው የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው፤ ጥቅሙም በመጀመሪያ የራሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮን ብቻ አይገድልም፤ የተነከሰ በሬ ይሞታል፤ የተነከሰ ልጅ ይሞታል። ስለዚህ የክትባት ሠራተኞች ወደ መንደር ሲመጡ የቤቱን ውሻ ብቻ ሳይሆን ቡችላውንም፥ ከታችኛው አገር ከሚመጣ ዘመድ ጋራ የወጣውንም ውሻ ማቅረብ ያስፈልጋል። ወደ ሆራ ሲወጣ የማያስፈልግ ውሻ በቤት ይቅር። የሞተ ከብት ይቀበር፤ ጥንብ በሜዳ ላይ ከተተወ ውሻውንና ቀበሮውን የሚያገናኛቸው እርሱ ነውና። ሰው የሚፈራው ቀበሮ ሰው ሳይፈራ ሲቀር፥ ሲወላገድ፥ ወይም ሞቶ ሲገኝ በእጅ ሳይነኩ ለፓርኩ ጠባቂ ወይም ለቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ይገባል። የ2003ቱ ወረርሽኝ የተደረሰበት በሬሳ ነበር።

ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቍስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መቀበል ያስፈልጋል። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብሎ መቈየት አይገባም፤ ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ይችላልና፥ ከታየ በኋላ የሚረዳ መድኃኒት የለም።